አሮጌ የጦር አውሮፕላን በሰው ፊት አይገለባበጥ

ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣
ለኢትዮጵያ አየር ኃይል የአየር ትርዒት አዘጋጆች፣
እንዲሁም ልጆቹን ይዞ ትርዒት ለማየት ለሚወጣ ሁሉ

በጥር 2017 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተካሄደውን የአየር ትርዒት ሕዝቡ ወዶታል። እንዲህ ያለ ዝግጅት በተደጋገመበት አገር ሁሉ «የድሮዎቹም ይነሡ እንጂ» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ቢመጣም አይገርምም። በ1935 አዲስ አበባ ላይ የተሠራችው አውሮፕላን ፀሐይ በ2024 መጀመሪያ ከጣሊያን ተመልሳለች። አየር ኃይሉም ከሳብ 17 እስከ ቲ-28፣ ከቲ-33 እስከ ኤፍ-86 ሴበር ያበረረ ተቋም ነው። ጥያቄው ቀርቦ፣ ቀን ተቆርጦ፣ እንግዳ ተጠርቶ ካለቀ በኋላ «ይቅር» ማለት ከባድ ስለሆነ ከወዲሁ ጻፍን። (ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምንለው አጭር ነው። አሮጌ የጦር አውሮፕላን ቀጥ ብሎ በተመልካች ፊት ይለፍ፤ ሉፕ (በቁም ዞሮ መገልበጥ)፣ ሮል (በጎን መገልበጥ) እና ስፒን (እየተሽከረከሩ መውረድ) ግን አይሥራ። የግድ ይሥራ ከተባለም የሚሠራበት ፍጥነትና ከፍታ በቢሾፍቱ አየር ተሰልቶ፣ ተጽፎና ተፈርሞ ይውጣ፤ ከውጭ አገር መመሪያ ላይ እንዳለ አይገልበጥ።

ለምን እንደምንል ለማስረዳት ኦገስት 22 ቀን 2015 በደቡብ እንግሊዝ፣ ሾርሃም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሆነውን እንይ፤ ከእሱ የበለጠ በዝርዝር የተመረመረ የለምና። አውሮፕላኑ የ1950ዎቹ ሆከር ሀንተር ቲ7፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ጄት ነበር። አብራሪው ሉፕ ጀመረ፤ ማለትም አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ፣ አናት ላይ በጀርባው ተገልብጦ፣ ቁልቁል ወርዶ ከታች ሊቃና። ሉፑን ለመጀመር ቢያንስ 350 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት የሚለካበት ነው) ያስፈልገው ነበር፤ የጀመረው ግን በ310 ኖት ገደማ ነው። ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ሞተሩ የሚችለውን ያህል አልገፋም። ለአክሮባት የተፈቀደለት ዝቅተኛ ከፍታ 500 ጫማ ሆኖ ሳለ ሲጀምር ከ200 ጫማ በታች ነበር። አናት ላይ ሊኖረው ይገባ የነበረው ከፍታ ቢያንስ 3,500 ጫማ ነው፤ የደረሰው 2,700 ጫማ አካባቢ ላይ ነው። እዚያም ፍጥነቱ ወደ 105 ኖት ወርዶ ነበር።

ከ350 ወደ 310 መውረድ ለጆሮ ትንሽ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይናገራል። ፍጥነት ማለት ገና ያልወጡት ከፍታ ነው፤ ጉልበቱም በፍጥነቱ ካሬ ይሰላል። 350 ኖት በሰከንድ 180 ሜትር ነው፣ 310 ኖት ደግሞ 159 ሜትር ተኩል ያህል። የሁለቱን ካሬ ልዩነት በምድር ስበት እጥፍ፣ ማለትም በ19.6 ስታካፍሉት ከ350 ሜትር በላይ ይመጣል። ስለዚህ አርባ ኖት የጎደለው አብራሪ ገና ስቲኩን (መሪ ዱላውን) ሲስብ ከ1,100 ጫማ በላይ የሚያወጣ ጉልበት አጥቷል። አናት ላይ የጎደለው 800 ጫማ ከዚያ የመጣ ነው ቢባል አያስደንቅም።

ይህም ሆኖ አናት ላይ የመትረፊያ ዕድል ነበር። ሙያው ውስጥ «ጌት» የሚባል ነገር አለ፦ በጀርባህ ተገልብጠህ አናት ላይ ስትደርስ ከፍታ መለኪያውን ታያለህ፤ ቁጥሩ ከጌቱ በታች ከሆነ ቁልቁል አትስብም፤ በዚያው ግማሽ ሮል ሠርተህ ቀና ትልና ትርዒቱን ትተህ ትሄዳለህ። መርማሪዎቹ በሌላ ሀንተር ሞክረው፣ አናቱን ካለፈ አራት ሰከንድ በኋላ እንኳ ማምለጥ ይቻል እንደነበር አረጋግጠዋል። አብራሪው ግን ስቦ ወረደ። ለምን? መርማሪዎቹ ካነሧቸው ሊሆኑ ከሚችሉ ምክንያቶች አንዱ፣ ሰውየው ጄት ፕሮቮስት የተባለውን ቀለል ያለ ማሠልጠኛም ያበር ስለነበር የዚያኛውን ጌት አስታውሶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። የፕሮቮስቱ ቁጥር ዝቅ ያለ ነው። እኛን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይኼ ነው፤ ሁለት ሦስት ዓይነት አሮጌ አውሮፕላን እያፈራረቀ የሚያበር ሰው በየትም አገር አለና። ሰነፍ መሆን አያስፈልገውም፤ ትክክለኛ ቁጥር በተሳሳተ አውሮፕላን ላይ ማስታወስ ይበቃል።

አሥራ አንድ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ አንዱም ትኬት ቆርጦ አጥሩ ውስጥ የተቀመጠ አልነበረም። አውሮፕላኑ የወደቀው ኤ27 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ በመኪና የሚያልፉ ሰዎች ነበሩ፣ መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩም ነበሩ። ከሁለት ቀን በኋላ የእንግሊዝ ሲቪል አቪዬሽን አሮጌ ጄቶች ከየብስ በላይ አክሮባት እንዳይሠሩ፣ ቀጥ ብለው ከማለፍ ያለፈ ነገር እንዳያሳዩ አገደ። የቢሾፍቱን አዘጋጆች የምንጠይቀው ከዚያ ውሳኔ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ ከአደጋው በፊት መጠየቃችን ነው።

ሾርሃም የባሕር ዳር ቦታ ነው፤ ከፍታው ከባሕር ጠለል ብዙም አይርቅም። ቢሾፍቱ ግን 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በጫማ 6,200 ገደማ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ የሚሳሳው መደበኛ ተብሎ በተያዘው አየር 8,800 ጫማ ላይ ያለውን ያህል ነው። ጥግግቱ ከባሕር ዳር አየር 77 በመቶ ብቻ ይሆናል። ይህ ሦስት ነገር ያመጣል።

መጀመሪያ፣ ፍጥነት መለኪያው ላይ የሚነበበው ቁጥር ያው ሆኖ እውነተኛው ፍጥነት 14 በመቶ ይጨምራል። የሉፕ ስፋት በእውነተኛው ፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ያው ሉፕ፣ በዚያው መለኪያ ፍጥነትና በዚያው ጂ (አውሮፕላኑ ሲሳብ የሚጫነው ክብደት)፣ 30 በመቶ የበለጠ ከፍታ ይበላል። የሀንተሩ 3,500 ጫማ ጌት ቢሾፍቱ ላይ 4,500 ይሆናል ማለት ነው። እንግሊዝ አገር የሚሠራውን ቁጥር ይዞ የመጣ አብራሪ አናት ላይ ሲደርስ ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል፤ የጎደለውን የሚያውቀው መሬቱ ሲቀርበው ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ይደክማል። አየር መጭመቂያ የሌለው የፒስተን ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የድሮ ጄትም ግፊቱ ይቀንሳል፤ ትሮትሉ (የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ) ተገፍቶ ሞተሩ ሙሉ ዙሩ ላይ እስኪደርስም የሚያስጠብቅ ነው። ስለዚህ የጎደለውን 40 ኖት «በሞተር እሞላዋለሁ» ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፤ ከፍታ መለኪያው ነው። በባሕር ዳር አገር የትርዒት አብራሪ መለኪያውን ማኮብኮቢያው ላይ ዜሮ እንዲያነብ አድርጎ ይነሣል፤ አናት ላይ የሚያነበው ቁጥር በቀጥታ ከመሬት ያለው ርቀት ነው። ቢሾፍቱ ላይ ዜሮ እንዲያነብ መለኪያው ላይ የአየር ግፊት የሚሞላበትን ትንሽ መስኮት ወደ 810 ሄክቶፓስካል ማውረድ ያስፈልጋል። የድሮ ከፍታ መለኪያ መስኮት ግን በአብዛኛው ከ950 አካባቢ በታች አይወርድም። አብራሪው መለኪያውን ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ እንዲያነብ አድርጎ ለመብረር ይገደዳል፤ ጌቱም 4,500 ሳይሆን 10,700 ሆኖ ይነበባል ማለት ነው። በጀርባው ተገልብጦ፣ በሰከንድ ግማሽ ውስጥ መደመርና መቀነስ ያለበት ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ አስቀድሞ ተደምሮ፣ በወፍራም ቀለም ተጽፎ፣ መለኪያው አጠገብ መለጠፍ አለበት። ቀላል ነገር ነው፤ ሲረሳ ግን ነፍስ ያስከፍላል።

ኤፍ-86 ሴበር በአገራችን ስሙ የታወቀ ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር። በሴፕቴምበር 1972 ሳክራሜንቶ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በግል የተያዘ ሴበር ከአየር ትርዒት ተነሥቶ ሊሄድ ሲል መነሣት አቅቶት መንገድ ተሻግሮ አይስክሬም ቤት ውስጥ ገባ፤ 22 ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። አክሮባት አልሠራም። አብራሪው በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ የነበረው ልምድ ጥቂት ሰዓት ነበር፤ ማኮብኮቢያው ላይ አፍንጫውን ከመጠን በላይ አነሣ። ሴበር አፍንጫው አለቅጥ ሲነሣ የአየር መጎተቱ ሞተሩ ከሚገፋው ይበልጥና ፍጥነቱ መጨመሩን ያቆማል፤ ማኮብኮቢያው ግን ማለቁን አያቆምም። ይህ በባሕር ጠለል አቅራቢያ ባለ ቦታ ነው። በ6,200 ጫማ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መሞከር አያስፈልግም።

አሁን ወደ እንጨትና ሸራዎቹ፣ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንመለስ። ሰው እነዚህን ቀስ ብለው ስለሚሄዱ አይጎዱም ብሎ ያስባል። ገና አዲስ ሳሉም ይሰበሩ ነበር።

በኦክቶበር 1917 መጨረሻ ሄንሪሽ ጎንተርማን የተባለ፣ 39 ድል የተቆጠረለት የጀርመን አዛዥ፣ አዲስ የደረሰውን ፎከር ባለሦስት ክንፍ ሊለማመድበት ከራሱ ሰፈር በላይ አወጣው። ጥቂት መቶ ሜትር ላይ አክሮባት ጀመረ። የላይኛው ክንፍ ተበጣጥሶ ሄደና አውሮፕላኑ ወደቀ፤ ጎንተርማን በዚያው ሌሊት ሞተ። በቀናት ውስጥ ሌላ ባለሦስት ክንፍ አየር ላይ ተሰበረና አብራሪው ሞተ። አውሮፕላኖቹ ሁሉ ከበረራ ታገዱ። ምርመራው ያገኘው ጥይት አይደለም፤ ውኃ ነው። ክንፉ ውስጥ እርጥበት ገብቶ ሙጫውን አላቆታል፤ እንጨቱ በሚገባ ቫርኒሽ አልተቀባም፤ ሥራውም ጥንቃቄ የጎደለው ነበር። አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ከወጣ ገና ወራት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የዘመኑ የእንጨት ሙጫ በብዛት ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ነው። ደረቅ ሲሆን ብረት ነው፤ ሲረጥብ ይሻግታል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጉዳቱ ያለው ደግሞ ከሸራው ሥር ነው፤ ከውጭ አይታይም። አንድ መካኒክ ሸራውን ሳይቀድ ሊያደርግ የሚችለው ክንፉን ጫፉ ላይ ይዞ ቀስ አድርጎ መጠምዘዝና መስማት ነው፤ ጤነኛ ክንፍ ዝም ይላል፣ የለቀቀ ሙጫ ያለበት ያንቋቋል። የጠረጠረ ሰው ሸራውን ይቀዳል። ሸራው ሊሰፋ፣ ሸራውን የሚያጠብቀው ቅብ፣ ዶፑም፣ እንደገና ሊቀባ ይችላል።

ክንፎቹን የያዙት ሽቦዎችም ሁለት ዓይነት ናቸው። በበረራ ጊዜ ክንፉ ወደ ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዙት ወፍራሞቹ ወይም ድርብ የሆኑት ናቸው። መሬት ላይ ሲቀመጥ የክንፉን ክብደት የሚሸከሙት ግን ብዙ ጊዜ ከእነሱ የሳሱ ናቸው። አውሮፕላኑ በጀርባው ሲበር ወይም ስቲኩ በድንገት ወደ ፊት ሲገፋ ጭነቱ ሁሉ ወደነዚህ ሳሳዎቹ ይዞራል። ሉፕ አናት ላይ ፍጥነት አጥቶ የሚንጠለጠል አውሮፕላን ክንፉን ለዚህ ያጋልጠዋል። ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የሽቦ ማጥበቂያዎቹ አንድ በአንድ መታየት አለባቸው፦ የማጥበቂያው ጥርስ በቂ ገብቶ እንደሆነ፣ መቆለፊያ ሽቦው እንዳለ። በእጅ ነካ ሲያደርጉት ከጎረቤቱ የላላ ሽቦ ካለ አውሮፕላኑ አይነሣም።

የዘመኑ ሮታሪ ሞተር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ሶፕዊዝ ካመልን የመሰለ ተዋጊ ሞተሩ በሙሉ፣ ከነሲሊንደሮቹ፣ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከራል። እንዝርት ሲሾር ለማዘንበል እንደሚያስቸግር ሁሉ አውሮፕላኑም እጁ ወደጠቆመው አይሄድም፦ ወደ ቀኝ ሲዞር አፍንጫው ይወርዳል፤ ወደ ግራ ሲዞር ይነሣል። በሁለቱም አቅጣጫ አብራሪው ግራ ራደር (የጅራቱን መሪ የሚያዞረውን ፔዳል) መርገጥ አለበት። ዘግየት ያለ አብራሪ ሳያስበው ስፒን ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ ከሆነም አይወጣም። ጉልበቱን የሚቆጣጠር ትሮትል እኛ በምናውቀው መልኩ የለውም። ነዳጁና አየሩ በተለያየ መቆጣጠሪያ ይመጠናሉ፤ ሲነሣ የነበረው ምጣኔ ትንሽ ከፍ ሲባል ነዳጁ ይበዛበትና ሞተሩ ይታነቃል። በጦርነቱ ዘመን ስንት ተማሪ ከማኮብኮቢያው ጫፍ እንደተነሣ በዚሁ ሞቷል። እዚህ አገር፣ ከባሕር ዳር ሩብ ያህል በሳሳ አየር፣ ምጣኔው ገና ከመሬት ሳይነሣ የተለየ ነው።

ለማረፍ አብራሪው ስቲኩ ላይ ያለውን ቁልፍ እየተጫነ ብልጭታውን ያቋርጣል። ነዳጁ ግን መፍሰሱን ይቀጥላል። ብዙ ሰከንድ ተጭኖ ከያዘው ያልተቃጠለ ነዳጅ በሞተሩ ሽፋን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ብልጭታው ሲመለስ እሳት ይነሣል። ከሽፋኑ ኋላ ያለው ሸራ ነው፤ ሸራውም የሚቀጣጠል ዶፕ የተቀባ ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ የሚቀባው በጉሎ ዘይት ነው፤ ዘይቱ ወደ ሞተሩ አይመለስም፣ ወደ ኋላ ይረጫል። መነጽርና የንፋስ መከላከያ ይሸፍናል። ትርዒት አብራሪው ተመልካቹን የሚያየው በዚህ ውስጥ ሆኖ ነው።

እነዚህን አውሮፕላኖች ከሁሉ በተሻለ የሚይዙት ሰዎች ከሁሉ ያነሰ ነው የሚያሳዩት። እንግሊዝ አገር ኦልድ ዋርደን ያለው የሻትልወርዝ ስብስብ የ1909ኙን ብሊሪዮ የሚያስነሣው ነፋስ ጸጥ ባለበት ምሽት ብቻ ነው፤ ከዚያም ማኮብኮቢያው ላይ ቀጥ ብሎ ጥቂት ከፍ ይልና ያርፋል። ተመልካቹም ያጨበጭባል። ማንም «ለምን አልተገለበጠም?» ሲል አልተሰማም።

በነገራችን ላይ፣ በታሪክ የመጀመሪያውን ሉፕ የሠራው ሩሲያዊው ፒዮትር ኔስቴሮቭ ነው፤ በሴፕቴምበር 1913፣ ኪየቭ ላይ፣ በመንግሥት ንብረት በሆነ ኒውፖርት አውሮፕላን። መንግሥት መጀመሪያ የሸለመው የአሥር ቀን እስራት ነበር፤ የመንግሥትን ንብረት አደጋ ላይ ጥለሃል ተብሎ። እኛ እስራት አንጠይቅም፤ ያ ቢሮ ግን ስለ አውሮፕላኑ ማሰቡን እናደንቃለን።

አገራችንም የራሷ ምሳሌ አላት። በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ በዓል የአየር ትርዒት ሲለማመዱ፣ «የሃርለም ጥቁር ንስር» በመባል የታወቀው ሂዩበርት ጁሊያን የንጉሠ ነገሥቱን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ አዲስ አበባ ላይ ሰበረው፤ ከአገርም እንዲወጣ ተደረገ። የመሰበሩ መነሻ ምንም ይሁን፣ መቶ ፈረስ ጉልበት ገደማ ያላት ትንሽ አውሮፕላን በ2,400 ሜትር ላይ ትርዒት ስትሠራ የምትይዘው ትርፍ ጉልበት እጅግ ጥቂት ነው። ፀሐይም በዚያ ዘመን፣ በዚያ ከፍታ፣ በተቀራራቢ ጉልበት ባለው ሞተር የተሠራች ናት። ሌላ ፀሐይ የለችም። ቅጂ ተሠርቶ ይብረር ቢባል እንረዳለን፤ እሷ ግን ከመሬት አትነሣ።

እንግዲህ ከአዘጋጆቹ የምንጠብቀው ይኸውና። ማንኛውም አሮጌ የጦር አውሮፕላን የሚያልፍበት መስመር ከተመልካቹ ጋር ትይዩ ይሁን፤ አፍንጫውን ወደ ሕዝብ አድርጎ የሚመጣ አይኑር። በ1988 ራምሽታይን ጀርመን ላይ ጄቶች ተጋጭተው አንዱ ሕዝቡ ውስጥ የገባው ወደ ተመልካች አቅጣጫ ሲበር ነው። ልምምዱ ትርዒቱ በሚደረግበት ሰዓት፣ በዚያው ሙቀትና በዚያው ነዳጅ መጠን ይደረግ፤ ጠዋት በቀዝቃዛ አየር የተለማመዱት ከሰዓት በኋላ አይሠራም። መሬት ላይ አንድ ሰው፣ ማዕረጉ ምንም ይሁን፣ ሬዲዮ ይዞ «አቁም» የማለት ሥልጣን ይኑረው፤ የተባለውም አብራሪ ሳይከራከር ቀና ብሎ ይሂድ። በትርዒት በረራ ተሳፋሪ አይያዝ፤ በ1980 እንግሊዝ አገር ቢጊን ሂል ላይ ኤ-26 ኢንቬደር ሮል ሲሠራ ወድቆ ሰባት ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ መካከል ተሳፋሪዎች ነበሩ።

ለፖሊስም መልእክት አለን። ሾርሃም ላይ የሞቱት ከአጥር ውጭ እንደነበሩ አይረሳ። ቢሾፍቱ ከተማ ናት፤ የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ያልፍባታል፤ በትርዒት ቀን ሰው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ታክሲና ባጃጅ መንገድ ዳር ይቆማል። በበረራ መስመሩ ሥር ያለው መንገድ በበረራው ደቂቃዎች ይዘጋ ወይም ቢያንስ መኪና እንዳይቆም ይደረግ። ማዶ ያለውን ነፃ ተመልካች የሚበትን ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ደግሞ ከትርዒቱ በፊት የእያንዳንዱን አውሮፕላን ሥዕል በእጃቸው ያግኙ። እንደ ቲ-33 እና ሴበር ያሉ ጄቶች አብራሪውን ወደ ውጭ የሚወረውር፣ ፈንጂ ያለው ወንበር አላቸው። ወንበሩ ሳይተኮስ ወድቆ ከሆነ፣ አብራሪውን ለማውጣት የሚጎትት ሠራተኛ ሊያስተኩሰው ይችላል። ከሾርሃም በኋላ መርማሪዎቹ ካነሧቸው ችግሮች አንዱ፣ ይህን አደጋ የሚያሳይ መረጃ ለመጀመሪያ ደራሾች በቀላሉ አለመገኘቱ ነው። ሥዕሉ ላይ የወንበሩ መቆለፊያ ፒን የት እንደሚገባ፣ የነዳጅ መዝጊያው የት እንዳለ፣ ሽፋኑ የት ቢቆረጥ እንደማይጎዳ በቀይ ያመልክት፤ ጽሑፉም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ፒኖቹ ራሳቸው በእሳት አደጋ መኪናው ውስጥ በቦርሳ ይቀመጡ፤ ሃንጋር ውስጥ ተቆልፎባቸው ቢገኙ አይጠቅሙም።

ከአክብሮት ጋር፣
በአውሮፕላን ጥገናና በበረራ ሙያ ላይ ያለን ጸሐፊዎች